የደዋይዋ ሐኪም

ፍሪጅ ጠጋኙን ስለ ፍሪጅ ብትጠይቁት በሁለት ቃል መልሶ ወደ ሥራው ይዞራል። ስለ ቪዲዮ ጨዋታ የጠየቃችሁት ዕለት ግን አለቀላችሁ፣ ወንበር ስቦ ቁጭ ማለት ነው። ሰውዬው አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አራቱን ተጫውቷል። ልጅ ሆኖ ሰው እየተጋፋ ሳንቲም ከሚከትበት የጨዋታ ሣጥን ጀምሮ፣ ቴሌቪዥን ላይ በሚሰካው በኩል አድርጎ፣ ዛሬ በኢንተርኔት እስከሚጫወቱት ድረስ ያልነካው የለም። ስለዚህ አስተያየት አለው። አስተያየቱንም ሳይጠየቅ ይሰጣል።

«የዛሬ ጨዋታ» ይላል፣ ካቻቪቴውን ወደ ደንበኛው እየቀሰረ፣ «የዛሬ ጨዋታ እጅህን ይዞ ነው የሚወስድህ። በዚህ ሂድ ብሎ ቀስት ያሳይሃል። ስትሞት ደግሞ አይዞህ ብሎ ያነሣሃል። ይሄ ጨዋታ ነው ሞግዚት?» ሰይፍ በገንዘቡ ገዝቶ ጀግና ነኝ የሚለውን ሰው ዐይኑን በጨው ያጠበ ይለዋል። ሥዕሉ የሚያብረቀርቀውን ጨዋታ ሁሉ ይንቃል፤ ለሱ ከላይ ቀለም የተቀባ፣ ከውስጥ ጋዙ ያለቀ ፍሪጅ ነው። የቤቱ እመቤት ፍሪጇ እስኪበርድላት «እህ፣ እውነትህን ነው» እያለች ትሰማዋለች። ምን ታድርግ፣ ሥጋዋ እየተበላሸባት ነው።

ሰውዬው ከልቡ የሚወደው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። «መንደሩ» ይሉታል። ሥዕሉ በእርሳስ የተጫረ የሚመስል አንድ አደባባይ፣ አንድ ደወል፣ ጥቂት ቤቶች ነው። የቀረው ሁሉ ጽሑፍ ነው። በየአገሩ የተበተኑ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ከየቤታቸው ይገቡና እያንዳንዱ የመንደሩን አንድ ሰው ሆኖ ይኖራል፤ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ በረኛ፣ አንዷ ዳቦ ጋጋሪ። ፍሪጅ ጠጋኙ ሐኪም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቃላት ቁስል ጠርጓል፣ በቃላት አጥንት ጠግኗል፣ በምድር ላይ የሌለ ቅጠል ቀምሟል። ሚስቱ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ባየችው ቁጥር «ዶክተር፣ ክሊኒኩ ተከፈተ?» ትለዋለች። እሱም «ተረኛ ነኝ» ይላታል።

መንደሩ ሕግ አለው። የውጭውን ኑሮ ውጭ ትተህ ነው የምትገባው። ስምህን፣ አገርህን፣ ሥራህን፣ የራስ ምታትህን ሳይቀር። ተሳስቶ ስለ ውጭው የሚያወራ ሰው ከተገኘ ማንም አይቆጣውም፣ ማንም አያባርረውም። «ትኩሳት ይዞታል» ይሉታል። ግንባሩን ዳሰው፣ ውሃ አቅርበውለት፣ ያልፍልሃል ብለው ወደ ጨዋታው ይመልሱታል። ሌላም ሕግ አለ፤ በመንደሩ የሞተ ሰው አይመለስም። ይህን ሕግ ያወጣው ራሱ ፍሪጅ ጠጋኙ ነው። ሞት የማያስከፍልበት ጨዋታ የልጅ እቃቃ ነው ብሎ ዳኛውን ሦስት ወር ተከራክሮ ነው ያስጸደቀው።

ለራሱ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ የግል ሕግ ነበረው። ሰውን ያለ መልስ መተው ነውር ነው። አንድ ሰው ከዚያ ወገን ተቀምጦ፣ አስቦ፣ ጽፎ «ሐኪም፣ እግሬን አመመኝ» ሲልህ ዝም ካልከው ገደልከው ማለት ነው ይል ነበር። ዝም አይነቅዝም ያሉ አባቶች ኢንተርኔት አላዩም። እሱ እየበላም ቢሆን በግራ እጁ ይመልሳል። በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ሰው መልስ ሳያገኝ ከደጁ ተመልሶ አያውቅም፣ በዚህም ይኮራ ነበር።

የመንደሩን ደወል የምትደውለው ሴት ደዋይዋ ትባላለች። በየቀኑ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገመዱን ትስባለች፣ ሰው አደባባይ ይወጣል፣ ወሬው ይጀመራል። ውጭ ማን እንደሆነች፣ ወጣት ትሁን አሮጊት፣ ማንም አያውቅም፤ እሷም ስለ ውጭው አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ሰውዬው በለፍላፊነቷ ይወዳት ነበር። አንድ ነገር ለመናገር አሥር መስመር ትጽፋለች። የጉልበቷን ሕመም ስታስረዳ ብቻ የሰማዩን ሁኔታ፣ የደረጃውን ብዛትና የአያቷን አረማመድ ታነሣለች። «ሐኪም፣ ስታክመኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነህ፣ ጉልበቴ ግን ያው ነው፤ ሙያህን ከማን ነው የተማርከው?» ትለዋለች። እሱም ሥራ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ የሰው ፍሪጅ ሲፈታ፣ የምትለው ትዝ እያለው ብቻውን ይስቃል።

አንድ እሑድ፣ ገና ከሰዓት በኋላ፣ አደባባዩ ላይ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ወንዝ ማዶ የጠፋ በግ ፍለጋ ሄደዋል። ደዋይዋ ጻፈች።

«ሐኪም። ደረቴን ጨመቀኝ።»

«ወደዚህ ጠጋ በይ፣ ልይሽ» አላት።

«ግራ እጄ ደነዘዘ። ሰው ጥራልኝ።»

«ሰው ምን ያደርግልሻል፣ እኔ አለሁ። ትኩሳት ነው፣ ይዞሻል። የጥቁር ቅጠል ጠብታ ልስጥሽ። ሦስት ጠብታ ከምላስሽ ሥር አድርጊና ጋደም በይ።»

«ጨዋታ አይደለም።»

እሱ ይህን ባየ ጊዜ ደስ አለው። እውነቱን እንናገር፣ ደስ አለው። ዘጠኝ ዓመት አንዴ እንኳ ሕጉን ነክታ የማታውቅ ሴት ዛሬ ትኩሳቱን እንዴት አድርጋ ነው የምትጫወተው ብሎ ተደነቀ። ሚስቱ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ዞር ብሎ «አየሽ፣ እንዲህ ነው መጫወት ማለት» አላት። ከዚያም የአሥራ አንድ ዓመት ሙያውን አፍስሶ መለሰላት። ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገላት። እጇን ያዘላት። «ያልፍልሻል፣ እኔ ከአጠገብሽ አልነቃነቅም» ብሎ ጻፈላት።

ደዋይዋ መልስ አልሰጠችም። ጋደም ብላ ነው አለ።

በማግሥቱ ደወሉ አልተደወለም። የደዋይዋ ምስል ደወሉ ሥር እንደቆመ ነው፤ አይሄድም፣ አይናገርም። ሌላ ጨዋታ ቢሆን ማሽኑ ራሱ ዝም ያለን ሰው ያስወጣዋል። በመንደሩ ግን ሰው ደጅ ላይ እንደተኛ ይቆይ ብለው ያንን አስቀርተውታል። ሁለተኛው ቀን አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ። በረኛው «ደዋይዋ ሱባዔ ገባች እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ዳቦ ጋጋሪዋ እግሯ ሥር ዳቦ አስቀመጠችላት። ሐኪሙ ግን ያን የእሑዱን ንግግር አውጥቶ አነበበው። የተነጋገረውን ሁሉ የማስቀመጥ ልማድ ነበረው። ከሷ ወገን ያለው ሦስት መስመር ነው፤ በአንዱም ውስጥ ሰማዩም፣ ደረጃውም፣ አያቷም የሉም። ያቺ ለፍላፊ ሴት የመጨረሻውን የጻፈችው በሁለት ቃል ነበር። ያን ጊዜ ቀልቡ ተገፈፈ።

«ጠይቃት» አለችው ሚስቱ። «ደህና ነሽ ወይ በላት። ይሄ ምን ችግር አለው?»

«ሕጉ አይፈቅድም።»

«ሕግ አለ ደግሞ። ሰው አመመኝ ሲልህ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ትላለህ።»

ሕጉ ሰበብ ነበር። ለዳኛው ከጨዋታው ውጭ ደብዳቤ መጻፍ ይችል ነበር፤ የሴትዮዋን አድራሻ ዳኛው ሳያውቀው አይቀርም። አልጻፈም። መልሱን ፈራ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ተቀይማኝ ይሆናል እያለ ራሱን ሸነገለ። የሆነ ነገር ጻፍኩባት፣ አኩርፋለች፣ ስትበርድ ትመጣለች።

በዘጠነኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ደወሉ ተደወለ።

ሰውዬው ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «መጣሽ!» ብሎ ጻፈ። ምስሏ እንደቆመች ናት። «ደዋይዋ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» መልስ የለም። በማግሥቱም አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደወሉ አንድ ጊዜ ተደወለ፣ ከዚያ ጭጭ። በሚቀጥለውም ቀን። ድሮ ስትደውል ሦስት ጊዜ ነበር፣ ፈጠን ፈጠን አድርጋ። ይህ ግን ገመዱን መሳቡን እንደሚጠራጠር ሰው አንዴ ብቻ ነው። መንደሩ አዲስ ታሪክ የተጀመረ መስሎት ተደሰተ፤ በረኛው «ደዋይዋ ሞታለች፣ የምትደውለው ነፍሷ ናት» የሚል ወሬ አስወራ። ሁሉም በየተራው ያንን አሳመረው። በመንደሩ የሞተ አይመለስም ብሎ ሕግ ያወጣው ሰው ግን አላሳመረም፣ አልሳቀም።

ሥራ ላይ ሳለ ደወሉን ይሰማ ጀመር። ኮምፕረሰር ሲነሣ ያችን አንዲት ምት የሚሰጥ ይመስለዋል። አንድ ቀን አንድ መጋዘን ውስጥ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል ገብቶ በሩን ከኋላው ሲዘጋ፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ «ጨዋታ አይደለም» የሚል ጽሑፍ በረዶው ላይ የሚነበብ መሰለው። ጓንቱን ጥሎ ወጣ። ለባለ መጋዘኑ ጋዙ ሸተተኝ አለው። ስለ ጨዋታ አስተያየት መስጠትም አቆመ፤ ደንበኞቹ ሰውዬው አሞታል ወይ ተባባሉ።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ስድስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ደወሉ እንደተደወለ፣ ከደዋይዋ ምስል በላይ ፊደል በፊደል እየተንጠባጠበ ጽሑፍ ወጣ።

«ዶክተር እንደምን ዋሉ። እናቷ ነኝ።»

እዩልኝ የሰው ልጅን። መጀመሪያ የመጣለት ደስታ ነው። አዲስ ሰው ሆና መጣች፣ እናቷን ልትጫወት ነው አለ። «እናታችን፣ እንኳን ወደ መንደራችን በደህና መጡ» ብሎ መለሰ። በረኛውም ቆቡን አነሣላት።

«እንኳን ደህና ቆያችሁኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፊደሉን ፈልጌ ስነካ እዘገያለሁ። ያስተማረችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። ልጄ ካረፈች ስድስት ሳምንቷ ነው። መጋረጃ ሰፊ ነበረች፣ እቤት ነው የምትውለው። እሑድ ከገበያ ስመለስ ወንበሯ ላይ አገኘኋት። ይሄ ማሽን እንደበራ ነበር። የተነጋገራችሁትን በወረቀት ገለበጥኩት። ሰው ሁሉ ብቻዋን ሞተች ብሎ ያለቅሳል። እኔ ግን ሐኪም አጠገቧ ነበር እላቸዋለሁ። መድኃኒት አዞላታል፣ እጇን ይዟት ነበር እላቸዋለሁ። እኔን ያቆመኝ ይሄ ነው። ደወሉን በየቀኑ የምነካው መጻፍ እስክለምድ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ ለማለት።»

ሰውዬው ደግሞ አነበበው። ከኩሽና ሚስቱ ጠራችው፣ አልሰማም። እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ሳለ ጣቶቹ ግን ልማዳቸውን አልረሱም፤ ሰው ያለ መልስ አይተውም። «ልጅዎ ብርቱ ሴት ነበረች፣ እማማ» ብለው ጻፉ። ውሸት አልነበረም።

«ሐኪም እንዳልሆንክ ነገርካት?» አለችው ሚስቱ፣ ሁሉን ካነበበች በኋላ።

«ተጽናንታለች እኮ። ምን ብዬ ልንገራት? ያቆማትን ነገር ልንቀልባት?»

 ልጅ የቀበረችን እናት ማን ይደፍራል። ሚስቱ ትከሻውን ይዛ ቆማ ቆማ ሄደች።

እንግዲህ ሆድ ይፍጀው አለ። መንደሩ ግን ይህንንም ደዋይዋ የምትጫወተው አዲስ ታሪክ አድርጎ ወሰደው። ሴትዮዋ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። አንድ ጊዜ ትደውላለች፣ ሁለት ሦስት መስመር ትጽፋለች። ልጇ መጋረጃ ስትሰፋ ታንጎራጉር እንደነበር፣ ጉልበቷን በእውነትም ያማት እንደነበር ነገረችው። «ዶክተር፣ ዘጠኝ ዓመት ያከሙልኝ እርስዎ ነዎት ለካ» አለችው። ምስጋናዋን እየተቀበለ እንቅልፍ አጣ፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። የሌባ ልብ እንኳ ከሱ ልብ ሳይሻል አይቀርም፤ ሌባ የሰረቀውን ባለቤቱ እግዜር ይስጥልኝ አይለውም።

አንድ ወር ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ዕለት አደባባዩ ሞልቶ ነበር። ደወሉ ተደወለ። ሴትዮዋ ከወትሮው ይልቅ ዘግይታ ጻፈች።

«ዶክተር፣ ዛሬ ላስቸግርዎ ነው። ሰሞኑን እኔንም ደረቴን ያፍነኛል። ዛሬ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አለቀቀኝም፣ ክንዴም ከበደኝ። ለልጄ ያዘዙላትን የጥቁር ቅጠል ጠብታ ሦስት ፋርማሲ ዞሬ ጠየቅሁ፣ አናውቀውም አሉኝ። ሌላ ስም አለው? ካገኘሁት ሦስት ጠብታ ወስጄ ጋደም እላለሁ።»

ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ቆሞ ነው የጻፈው።

«እማማ፣ አሁን አጠገብዎ ማን አለ?»

«ማንም። ለምን?»

«ጋደም እንዳይሉ። ጠብታ የሚባል ነገር የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ይሄ ጨዋታ ነው እማማ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ።»

 ከዚያ በረኛው ጻፈ፣ «ሐኪማችን ምን ነካው? ግንባሩን ዳስሱት።»

«ትኩሳት ይዞታል» አለ ዳኛው።

«ጨዋታ አይደለም» ብሎ ጻፈ እሱ። «እናንተ ሰዎች፣ ዝም በሉ። ጨዋታ አይደለም።»

«ወይኔ፣ እንዴት ነው የተቃጠለው» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ውሃ አምጡለት። አይዞህ ሐኪም፣ ያልፍልሃል።» አንዱ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አደረገለት። አንዱ እጁን ያዘለት። ክፋት አልነበረባቸውም፣ ከልባቸው ነው የሚያስታምሙት። ያን ጊዜ ሰውዬው ያንን እሑድ ከወዲያኛው ወገን አየው፤ እንዴት ያለ ደግ ግድግዳ እንደሆነ አየ።

ሚስቱ ጩኸት ሰምታ ደርሳ ነበር። እሱ ግን መጮኹን አላወቀም። ለእናትየዋ ደጋግሞ ጻፈ። በሩን ይክፈቱ። ጎረቤት ይጥሩ። የልጅዎም ሕመም ይኸው ነበር፣ ልብ ነው፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የሌሎቹ የማስታመሚያ ቃል በመሀል በመሀል እየገባ የሱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ እሱም እንደገና ይጽፈዋል። ከሷ ወገን ምንም የለም። ደቂቃው ይቆጠራል፣ የደዋይዋ ምስል እንደ መጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት ደርቃ ቆማለች። ሚስቱ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ከሱ ጋር ትተነፍሳለች።

በመጨረሻ ፊደሎቹ መንጠባጠብ ጀመሩ።

«ጎረቤቴ መጥታለች። መኪና እየጠራች ነው። ልንሄድ ነው።»

ሚስቱ ተመስገን ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰውዬው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሆዱ ተነፈሰ። እጁን ሲያወርድ አልጨረሰችም ነበር።

«ግን» ይላል ጽሑፉ።

ጠበቀ። አደባባዩ ላይ ያሉትም ጠበቁ።

«ግን ልጄ ሰው ጥራልኝ ስትልህ ለምን መለስክላት? ዝም ብትላት ኖሮ ሰው የለም ብላ በሩን ከፍታ ትጮህ ነበር። ይቺ ጎረቤቴ እኮ ያን ቀን እቤቷ ነበረች።»

ሰውዬው ጣቶቹን ፊደሎቹ ላይ አደረገ። ስለ ሁሉ ነገር መልስ ያለው ሰው፣ በአሥራ አንድ ዓመት ማንንም ከደጁ ባዶውን መልሶ የማያውቅ ሰው፣ የሚጽፈው አጣ። «አልኳት» ብሎ ይጀምርና ያጠፋዋል። «እኔማ» ብሎ ይጀምርና ያጠፋዋል። የደዋይዋ ምስል ደወሉ ሥር ቆማለች፣ ገና አልወጣችም፣ መኪናው ገና አልመጣም መሰለኝ።

«ሐኪም» ብላ ጻፈች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ሰው እየጠየቀህ ነው። አንተ እኮ ሰው ያለ መልስ አትተውም። መልስላት እንጂ።»